አባቴን «ዘይ» (እነሱ) ብለው ተርጉመውብኛል፣ ምን ላድርግ?

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጭንቅ ይዞኝ ነው የምጽፈው። የአሳይለም (የጥገኝነት ጥያቄ) ኢንተርቪዬ ሦስት ሳምንት ነው የቀረው። ትናንት ማታ ከፎርሙ ጋር ያያያዝኩትን ታሪኬን በእንግሊዝኛ ሳነበው ክው አልኩ። በአማርኛ የጻፍኩት «አባቴን ሌሊት መጥተው ወሰዷቸው። ከዚያ ወዲህ አላየኋቸውም» የሚል ነው። የተረጎመልኝ ሰው ወሳጆቹን «ዘይ»፣ አባቴንም «ዘም» (እነሱን) አድርጎ ጽፎታል። ለሚያነበው ሰው ቤተሰቡ በሙሉ የታፈሰ ነው የሚመስለው። ሁለተኛው ገጽ ላይ ደግሞ እዚያው አባቴ «ሂ» (እሱ) ሆነዋል። ዋሽታለች ይሉኝ ይሆን?

ከአሌክሳንድሪያ፦
እህቴ አይዞሽ። እኔ አስተርጓሚ ነኝ፣ ይቺ ነገር በየኬዙ አለች። አማርኛ አንድ ሰው ሲያከብር ግሡን የብዙ ያደርገዋል። «መጡ» ስንል አባትሽም ይሆናሉ፣ አሥር ወታደርም ይሆናል። እንግሊዝኛ ላይ አንቱታ የለም። ፕሬዚዳንቱም «ሂ» ነው፣ የጎረቤት ውሻም «ሂ» ነው። ደግሞ «ወሰዷቸው» አንዲት ቃል ናት፤ ወሳጁም ተወሳጁም ውስጧ ተቀምጠዋል። እንግሊዝኛው ሁለቱንም አውጥቶ ማስቀመጥ ግድ ይለዋል። ስለዚህ በሚያምታታው ቦታ ሁሉ ተውላጠ ስሙን ተዪውና ስሙን ድገሚው። «ወታደሮቹ አባቴን ወሰዱ። ከዚያ በኋላ አባቴን አላየሁም።» አይጥምም፣ ግን ማን ማንን እንደወሰደ ማንም አይጠይቅሽም።

አቅልለሽ ግን አትዪው። እ.ኤ.አ. ከ2005ቱ የአሜሪካ የሪል አይዲ ሕግ ወዲህ፣ የማይጣጣም ነገር ከዋናው ጉዳይ ባይደርስም እንኳ ተዓማኒነትሽን ለመመዘን ሊጠቀሙበት ይችላሉ። ከሎየርሽ (ከጠበቃሽ) ጋር አስተካክለሽ፣ ተርጓሚው ሁለቱን ቋንቋ እንደሚችል ከፈረመበት ወረቀት ጋር አዲሱን ትርጉም አስገቢ። ኢንተርቪው ላይ አስተርጓሚ ይዘሽ የምትሄጂው ራስሽ ነሽ። ሎየርሽም ምስክርሽም ግን ማስተርጎም አይችሉም።

ከዳላስ፦
በጣም ነው የምታካብዱት። እኔ ለዜግነት ስፈተን ሦስት ዓረፍተ ነገር የማንበብ ዕድል ይሰጣሉ፣ አንዱን በትክክል ካነበብክ አለፍክ። መጻፉም እንደዚያው ነው። ለ«ሂ» እና «ሺ» ብሎ ማንም አልጣለኝም።

ከአሌክሳንድሪያ፦
ወንድሜ፣ ጥያቄው እኮ የአሳይለም ነው።

ከፍራንክፈርት፦
እናንተስ ታደላችሁ። እዚህ በጀርመንኛ «ዚ» እሷም ናት፣ እነሱም ናት፣ እርስዎም ናት። እንደ እኛው ሲያከብሩ ግሡን የብዙ ያደርጉታል። ሲጻፍ በትልቅ ፊደል ከጀመረ እርስዎ ነው። በአፍ ሲሆን ግን ዓይን ዓይናቸውን አይቼ ነው የምገምተው።

ከሲያትል፦
ሳቄ መጣ። የልጄ አስተማሪ «ስለ እኔ ስታወሩ ዘይ በሉኝ» የሚል ወረቀት ላኩ። እኔ ደግሞ አንቱ በሉኝ ያሉ መስሎኝ «ሲያንሳቸው ነው፣ አስተማሪ አይደሉ እንዴ» አልኩ። ልጄ በሳቅ ልትሞት! ወንድም ሴትም አትበሉኝ ማለታቸው እንደሆነ አስረዳችኝ።

ይቺው ልጄ አያቷን በቪዲዮ «አንተ፣ በልተሃል?» ትላቸዋለች። አባቴ ዝም ይላሉ። ከዚያ ስልኩን ለእናቴ ይሰጧታል። በየወሩ ብር እልካለሁ፣ ደረሰ ይሉኛል፣ ይመርቁኛል። አንድ ቀን «እርስዎ» ብትላቸው ግን ከብሩ በላይ ደስ የሚላቸው ይመስለኛል።

ከነታንያ፦
እዚህም እንደዚያው ነው እህቴ። በዕብራይስጥ አለቃውም ተላላኪውም «አታ» ነው። ልጆቹ አማርኛውንም በዚያ ሚዛን ነው የሚናገሩት። ንቀት አይምሰልሽ።

ከዋሽንግተን ዲሲ፦
ልጄ፣ ይህ የወላጅ ጥፋት ነው። ቤት ውስጥ አማርኛ ብታወሩ ኖሮ ልጆቹ አንቱታን ከየት ያጡታል? እኔ 3 ልጆች እዚሁ አሳድጌአለሁ፣ አንዱም አንተ ብሎኝ አያውቅም።

ከሲያትል፦
ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና እኔ ሁለት ሥራ ነው የምሠራው። ልጄን ነቅታ የማገኛት እሁድ ነው። በእሷ ሰዓት ደግሞ ስለ አንቱታ ሳስተምር አልውልም። ደግሞ እኔም እናቴን አንቺ እያልኩ ነው ያደግኩት። ናቅኳት ማለት ነው?

ከዋሽንግተን ዲሲ፦
እናት ሌላ ናት። የምናወራው ስለ አባት ነው።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
የአሌክሳንድሪያው ወንድሜ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የአክስቴ ልጅ እንግሊዝኛዋ ጥሩ ነው፣ እሷ ታስተርጉምልኝ? ግን ስለ አባቴ የምስክር ደብዳቤ ጽፋልኛለች። ሁለተኛው ገጽ ላይ ያለውን «ሂ»ስ ልተወው?

ከሲያትል፦
ስለ አባት ካሉ ጋሼ፣ «አባታችን ሆይ በሰማያት የምትኖር» አይደል የምንለው? የምትኖር! የሚኖሩ አላልንም።

ከዋሽንግተን ዲሲ፦
ጸሎትን እዚህ ውስጥ አታግቢ። እሱን ቄሱን ጠይቂ።

ከሲያትል፦
አንተ ብዬ ነው እርስዎ ብዬ የምጠይቃቸው?