የመኪናዬ የባትሪ ርቀት ለምን ይለዋወጣል?

ሰላም ወገኖች፣ የሚያውቅ ሰው እባካችሁ ይርዳኝ። የምኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። ቻርጅ የሚደረግ ሃይብሪድ (በባትሪም በቤንዚንም የሚሄድ) መኪና አለኝ። በባትሪ ብቻ ወደ 40 ማይል ይሄዳል ተብሎ ነው የገዛሁት። ግንቦት ላይ ከዚያም ያልፍ ነበር። አሁን በጥር ብርድ ግን ሌሊቱን ሙሉ ቻርጅ ሲደረግ አድሮ ዳሽቦርዱ 30 ያሳያል። ማሞቂያውን ስከፍት ዓይኔ እያየ ወደ 24 ይወርዳል። የመስታወቱን ጉም ለማጥፋት ቁልፉን ስጫን ደግሞ ባትሪው ሙሉ ሆኖ ሳለ የቤንዚኑ ሞተር ይነሳል!

ብርድ ባትሪን እንደሚያደክም፣ የጎማ ንፋስም እንደሚቀንስ አውቃለሁ። 395 አውራ ጎዳና ላይ በፍጥነት ሲነዳ ቶሎ እንደሚያልቅም ገብቶኛል። ግራ የገባኝ ሌላ ነው። ዳሽቦርዱ ላይ ያለው ቁጥር የባትሪው አቅም ነው ወይስ የሰሞኑን አነዳዴን አይቶ የሚገምተው? ባትሪው እያረጀ ከሆነስ በምን ልለየው? ሻጮቹ «ኖርማል ነው» ብለው ሸኙኝ። እኔ ግን ዋስትናው ሳያልቅ ማረጋገጥ እፈልጋለሁ።

እንዲህ ዓይነት መኪና የምትነዱ፣ በተለይ ኡበር የምትሠሩ፣ ባዶ ከሆነ በኋላ እስኪሞላ ስንት ኪሎዋት ሰዓት እንደሚወስድ ለክታችሁ ታውቃላችሁ? በክረምትና በበጋ ይለያያል? ሶኬት ላይ እንደተሰካ ቀድሞ ማሞቅስ ለውጥ ያመጣል?