ከደሴ ኮምቦልቻ ቤት ልንቀይር ነው፣ እቃውን ራሴ እንዴት ልሸክፈው?

የሆጤዋ፦
አሰላሙ አለይኩም፣ ሰላም ለሁላችሁም። ባለቤቴ ከደሴ ኮምቦልቻ ለስራ ሲመላለስ ነው የከረመው፣ አሁን እዛው ቤት ተከራየና ልጆቹ ትምህርት ሲዘጉ ጠቅልለን ልንወርድ ነው፣ ሐምሌ መጀመሪያ አካባቢ። እሱ ፈቃድ ስለማያገኝ የምሸክፈው እኔ ነኝ፣ ትልቋ ልጄ ታግዘኛለች። ሰው ሁሉ «ምን አስጨነቀሽ፣ አይሱዙው ሲመጣ ጫኞቹ ራሳቸው ያነሱታል» ይለኛል፣ እኔ ግን ባለፈው ጎረቤቴ ስትወጣ የሆነውን አይቻለሁ፣ በረኪናው ከልብስ ጋር አንድ ማዳበሪያ ውስጥ ተጠቅጥቆ የልጆቿ ልብስ በሙሉ ተበላሽቶ ነው የደረሰላት። ስለዚህ ሁሉም ነገር ከበር ከመውጣቱ በፊት በእጄ ተሰናድቶ እንዲያልቅ ነው የምፈልገው።

እቃችን ብዙ አይደለም ግን አስቸጋሪ ነው። መስታወት ያለው ቡፌ አለ፣ ፍሪጅ፣ የኤሌክትሪክ ምጣድ፣ ሳሎን ሙሉ አረቢያን መጅሊስ፣ የኤምዲኤፍ ቁምሳጥን፣ ከዛ ደግሞ ከናቴ የቀረኝ ሞሰብና ጀበና፣ እነሱ ከተሰበሩ መቼም አይተኩልኝም። ዝናቡም ያስፈራኛል፣ የደሴን ሐምሌ ታውቁታላችሁ። ከየት ልጀምር? ካርቶን ይሻላል ወይስ ማዳበሪያ? የምታውቁ ዝም ብላችሁ አትለፉኝ።

የመምህሩ ቤት፦
ወአለይኩም ሰላም እህቴ፣ አብሽሪ። ባለቤቴ አስተማሪ ነው፣ መካነ ሰላም ነበርን ከዛ ወረኢሉ ከዛ ሐይቅ አሁን ደሴ፣ ስለዚህ ይሄን ነገር ደጋግሜ ሰርቼዋለሁና የማውቀውን ልንገርሽ።

አጀማመሩ ላይ ሰው የሚሳሳተው ከኩሽና መጀመሩ ነው፣ ኩሽና እስከ መጨረሻዋ ቀን የምትበሉበት ስለሆነ የሸከፍሽውን መልሰሽ ስትፈቺ ትውያለሽ። ቢያንስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው አሁን ከማትነኪው ጀምሪ፣ የበዓል ሰሀን፣ የእንግዳ ብርድ ልብስ፣ ቆጥ ላይ ያለው፣ አልጋ ስር የተገፋው፣ የልጆቹ ያምና ደብተር። እሱን ስታወጪ የማትወስጂውን ለይ፣ የጠበባቸውን ልብስና ጫማ እዛው ሰፈር ለሚያስፈልገው ስጪ፣ የማትጠቀሚበትን እቃ የመኪና ከፍለሽ ምን ይሰራልሻል። ቀጥሎ መጋረጃና ምንጣፍ፣ ከዛ ልብስ፣ ከዛ የመጨረሻው ሁለት ቀን ኩሽና።

ካርቶን ወይስ ማዳበሪያ ላልሽው ሁለቱም ያስፈልጉሻል። ለሚሰበር ነገር ካርቶን፣ እሱም የዘይትና የሳሙና ካርቶን፣ ወፍራም ስለሆነ፣ የብስኩትና የማካሮኒው ስስ ነው ላስቲክና ፕላስቲክ እቃ ይያዝልሽ። ሱቆቹን አሁኑኑ ነግረሽ አስቀምጡልኝ በያቸው፣ በሐምሌ ቤት የሚቀይረው ብዙ ነው ካርቶን ይወደዳል። የካርቶኑን ታች በሰፊው ስኮች መስቀልያ አርገሽ ሁለት ጊዜ ለጥፊው፣ መሀሉን ብቻ ለጥፎ ማንሳት ነው ታቹን የሚዘረግፈው። ከባድ ነገር ትንሽ ካርቶን፣ ቀላል ነገር ትልቅ ካርቶን። መፅሀፍ በትልቅ ካርቶን ከሞላሽ ማንም አያነሳልሽም።

ሰሀን አግድም አትደርድሪ፣ በጠርዙ አቁመሽ ነው የሚደረደረው፣ አግድም ከሆነ የላይኛው ክብደት ሁሉ የታችኛው ላይ ያርፍና መንገድ ላይ ሲነጥር እሱ ነው የሚሰነጠቀው። መጠቅለያ አትግዢ፣ የልጆቹ ካናቴራ፣ ሻርፕ፣ ፎጣ አለሽ አይደል፣ መሄዱ ላይቀር እሱ ይጠቅልልልሽ፣ በዛ ላይ ያሮጌ ደብተር ወረቀት። ብርጭቆ ውስጡም ካልሲ ይግባበት። በሲኒና በብርጭቆ ረድፍ መሀል የእንቁላል ትሪ ጣል አርጊበት በጣም ይይዛል። ካርቶኑን ስታነሺው ውስጡ ቅጭልጭል ካለ አልሞላም ማለት ነው፣ ክፈቺና ጨርቅ ጨምሪበት።

ማርከር ገዝተሽ ጎኑ ላይ ፃፊ፣ አናቱ ላይ ሳይሆን፣ ሲደራረብ አናቱ አይታይም። ምን እንዳለበት ብቻ ሳይሆን የትኛው ክፍል እንደሚገባ ፃፊበት፣ ያኔ አውራጆቹ አንቺን ሳይጠይቁ እዛው ያስቀምጡታል።

የሐረጎ ሹፌር፦
እኔ በአይሱዙ ነው የምሰራው፣ ደሴ ኮምቦልቻ፣ ደሴ ወልድያ የቤት እቃ ብዙ ጭኛለሁ። እህቴ እቃ የሚሰበረው በብዛት ቤት ውስጥ ወይም ሲጫን ነው፣ መንገድ ላይ የሚሰበረው ግን ያጫጫን ችግር ነው ይሄን ልንገርሽ።

ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ነች ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ፣ መንገዱ 25 ኪሎሜትር አካባቢ ቢሆን ነው፣ ስለዚህ ሐረጎን ጠመዝማዛውን ይዘሽ አብዛኛውን ቁልቁል ነው የምትወርጂው። ቁልቁል ላይ ፍሬን በተነካ ቁጥር ጭነቱ በሙሉ ወደ ጋቢናው ነው የሚገፋው። ታድያ ብዙ ሰው ቡፌውን መጀመሪያ ጋቢናው ስር አስጠግቶ ያቆመዋል፣ ከኋላ ያለው ሁሉ እሱን ይጫነዋል ማለት ነው። ለዚህ መንገድ ጋቢናው ጋር መግባት ያለበት ጫና የሚችል ነገር ነው፣ የጤፍ ኩንታል፣ የመጅሊሱ ፍራሽ፣ የልብስ ማዳበሪያ። ቡፌና ቁምሳጥን ወደ ስፖንዳው (የጭነቱ የጎን ግድግዳ) ጎን ለጎን ቆመው፣ በመሀላቸው ፍራሽ ገብቶ፣ ለየብቻ ከስፖንዳው ጋር ይታሰሩ። ክፍተት አይተዉ፣ ክፍተት ካለ ሁሉም ነገር ይራመዳል። የሚሰበር ካርቶን መጨረሻ ተጭኖ መጀመሪያ የሚወርድ ይሁን፣ ላዩ ላይ ሰው እንዳይቀመጥ፣ ረዳቱም ቢሆን።

ማዳበሪያ ላይ ደግሞ ከላይ ከፃፈችው እህት ትንሽ እለያለሁ፣ በክረምት ካርቶን ሲረጥብ ታቹ ይለቃል፣ ስለዚህ የማይሰበር ነገር ሁሉ ማዳበሪያ ይግባ ባይ ነኝ፣ ድስትም ጭምር። ግን እስከ አፉ አትሙሉት፣ አንድ ሶስተኛውን ተዉትና ጥግና ጥጉን ጆሮ አርጋችሁ በሲባጎ እሰሩት፣ ጫኙ የሚይዝበት ካላገኘ ይጎትተዋል፣ ሲጎተት ይቀደዳል።

ሰዓቱ ጠዋት ይሁን፣ 12 ሰዓት ላይ መጫን ጀምሩ። የሐምሌ ዝናብ ብዙውን ጊዜ ከሰዓት ነው የሚበረታው፣ ሐረጎ ላይ ደግሞ ጉሙ ሲወርድ ፊትሽን አታዪም። ሸራ አለኝ የሚል ሹፌር ሁሉ ሸራው ደህና አይደለም፣ ቀድማችሁ ዘርግቶ ያሳያችሁ፣ ቀዳዳ ካለው ሌላ ፈልጉ። ኤምዲኤፍ አንዴ ውሃ ከጠጣ ያብጣል አይመለስም፣ እግሩን በላስቲክ ጠቅልሉት።

የጭነትና የማውረጃውን ሂሳብ ገመድ ሳይፈታ ተነጋገሩ፣ ዋጋው መኪናውን ብቻ ነው ወይስ ጫኝ አለበት፣ ኮምቦልቻ ስትደርሱ የሚያወርደው ማነው፣ ፎቅ ካለው ፎቅ አለው ብላችሁ ቀድማችሁ ንገሩ። ጭቅጭቅ የሚነሳው ሁልጊዜ ማውረጃው ላይ ነው።

የሆጤዋ፦
አላህ ይስጥልኝ ሁለታችሁንም፣ የጋቢናውን ነገር ማንም አልነገረኝም ነበር። ቡፌውን ራሱን እንዴት ላሰናዳው ግን? ፈትቼው ነው ወይስ እንዳለ? ፍሪጁንና ምጣዱንም የሚያውቅ ካለ።

ጥገና ወልድያ፦
ፍሪጅና ምጣድ እጠግናለሁ ልመልስልሽ። ፍሪጁን ከመጫኑ ባንድ ቀን በፊት ንቀይው፣ በረዶው ይሟሟ፣ ውስጡን አድርቀሽ በሩን ከፍተሽ አሳድሪው። በረዶው ሳይወጣ የተጫነ ፍሪጅ ውሃው መንገድ ላይ ነው የሚፈሰው ቀጥሎ ያለውን ፍራሽ ያበላሻል። መደርደሪያዎቹን አውጥተሽ ለብቻ ጠቅልያቸው። ቆሞ ነው የሚሄደው፣ አይጋደምም፣ ከተጋደመ የኮምፕረሰሩ ዘይት ወደ ቱቦው ይሄዳል። ቆሞ ቢሄድም ደርሰሽ ወዲያው አትሰኪው ጥቂት ሰዓት ይረፍ፣ የግድ ተጋድሞ ከሄደ ግን እስከ ማግስቱ ቆሞ ይደር። አዲስ ቤት ስትገቢ መብራቱ ከፍ ዝቅ እንደሚል ሳታዪ አትሰኪው፣ ስታቢላይዘር ካለሽ በሱ በኩል ይሁን።

ቲቪ አይተኛም፣ ቆሞ ብርድ ልብስ ለብሶ በፍራሽና በፍራሽ መሀል ይግባ። ቡታጋዝ ካለሽ ሲሊንደሩን ዝጊው፣ ጎማውን ከነሬጉሌተሩ ፍቺ፣ ቆሞ ከኋላ ይሂድ ጋቢና ውስጥ ከልጆች ጋር አይሆንም። ስትገጥሚው መጋጠሚያው ላይ የሳሙና አረፋ ቀቢበት፣ አረፋው ከተነፋ ያፈሳል ማለት ነው።

ቡፌው ካልተገደድሽ አይፈታ። በተለይ ኤምዲኤፍ ከሆነ ቪቴው አንዴ ወጥቶ ሲመለስ ቀዳዳው ይሰፋል ከዛ መያዝ ይተዋል። የመስታወት መደርደሪያውን ብቻ አውጪና ሁለት ሁለቱን ብርድ ልብስ መሀል አርገሽ አቁመሽ እሰሪው፣ ተጋድሞ አይሂድ። በሩን በስኮች እንዳትለጥፊው ቀለሙን ይዞ ይነሳል፣ በነጠላ ወይ በመቀነት ዙሪያውን እሰሪው። አልጋው ግን ይፈታ፣ ከመፈታቱ በፊት መጋጠሚያውን በስልክሽ ፎቶ አንሺ፣ ብሎኑን በፌስታል ቋጥረሽ እዛው አልጋው እግር ላይ እሰሪው፣ ካቻቢቴና ፔንሳው ደግሞ በእጅሽ ይሁን ካርቶን ውስጥ አይግባ፣ ደርሰሽ መጀመሪያ የምትፈልጊው እሱን ነው።

እትዬ ሙጋድ፦
ልጄ አብሽሪ፣ እኔ የጀበናውንና የሞሰቡን ልንገርሽ። ጀበናውን አጥበሽ ከሁለት ቀን በፊት አፉን ወደ ታች ደፍተሽ አድርቂው፣ እርጥበት የያዘ ሸክላ ቶሎ ነው የሚሰነጠቀው። ውታፉን አውልቂ። የሚሰበረው አንገቱና ጡቱ ነው፣ ስለዚህ አንገቱን በነጠላ ደጋግመሽ ጠምጥሚው ወፍሮ ከሆዱ እኩል እስኪሆን ድረስ፣ ያኔ ቢነካም ጨርቁ ነው የሚነካው። እሱን መኪናው ላይ አትስጪ፣ ትልቋ ልጅሽ ጭኗ ላይ ትያዘው። ሞሰቡ ባዶውን አይሂድ፣ የጠረጴዛ ልብስና የሲኒ ጨርቅ ጠቅጥቂበት ቅርፁን እንዲይዝ፣ ላዩን በላስቲክ ሸፍኚው፣ ከሁሉም በላይ ይቀመጥ። ስፌት ውሃ ከነካው ቀለሙ ይለቃል፣ ሻግቶም ይቀራል።

ለመጀመሪያዋ ሌሊት አንድ ሻንጣ ለብቻ አሰናጂ። ሲመሽ ካርቶን መክፈት የለም፣ ልጆቹ ደክሟቸው ያለቅሳሉ። አንሶላና ብርድ ልብስ፣ የሁሉም ቅያሪ፣ ሳሙና፣ ቢላ፣ ቻርጀር፣ ቡና ስኳር፣ በፔርሙስ ሻይ፣ የሚበላ ዳቦ። አምፖል ደግሞ እንዳትረሺ፣ ተከራይ ሲወጣ አምፖሉን ነቅሎ የሚሄድ ብዙ ነው። ለበሩም አዲስ ቁልፍ ይዘሽ ውረጂ። ኮምቦልቻ ትንኝ አለ አጎበር ያስፈልግሻል፣ የደሴውን ወፍራም ብርድ ልብስ በሙሉ ደግሞ ከታች አትቅበሪው፣ ሌሊቱ ክረምት ላይ እዛም ቢሆን ይበርዳል።

ወረቀቱን ሁሉ በቦርሳሽ ያዢ፣ የልደትና የጋብቻ ሰርተፍኬት፣ የህፃኑ የክትባት ካርድ፣ ፋይዳችሁ፣ የባንክ ደብተር፣ የቤት ኪራይ ውሉ። የቀበሌ መሸኛና የልጆቹን የትምህርት ቤት መልቀቂያ እቃ መሸከፍ ሳትጀምሪ ጨርሺው፣ ማህተም የሚመታው ሰው የለም እየተባለ ልትመላለሺ ትችያለሽና ለመጨረሻው ሳምንት አታቆዪው። የመብራቱንና የውሃውን ሂሳብ ከፍለሽ ደረሰኙን ለአከራይዋ አሳዪያት፣ ቤቱን ጠርገሽ አስረክቢ። ጎረቤቶችሽንም ከነገር ሁሉ በፊት ቡና ጠርተሽ ተሰናበቻቸው፣ ቀኑን ንገሪያቸው፣ የዛኑለት ምሳ ይዘውልሽ ይመጣሉ፣ እቃም ያነሱልሻል። ዱዓውም አይቀርብሽም።

የሆጤዋ፦
እትዬ አላህ እድሜዎትን ያርዝመው፣ አነበብኩት ለልጄም አነበብኩላት። ወንድሜ ጥገና ወልድያ ምጣዱን ግን አልመለስክልኝም።

ጥገና ወልድያ፦
ይቅርታ እህቴ። ምጣዱ ሸክላው ጀሶ ላይ ነው የተቀመጠው ከስሩ ሬዚስታንሱ አለ፣ ሲዘነብል ሸክላው ከጀሶው ይለቃል ሲነጥር ደግሞ ይሰነጠቃል። ስለዚህ የመጨረሻውን እንጀራ ከምትወጪበት ቀን አስቀድመሽ ጋግሪ፣ ሙሉ ለሙሉ ይብረድ፣ ሸክላው ላይ የታጠፈ ፎጣ አድርገሽ አክንባሎውን ግጠሚና ዙሪያውን በገመድ እሰሪው። አግድም ነው የሚጓዘው፣ ከስሩ ፍራሽ ተነጥፎ፣ ላዩ ላይ ምንም ሳይጫን። እግሩ የሚፈታ ከሆነ ፍቺው። ገመዱንና ሶኬቱን ጠቅልለሽ አክንባሎው ላይ እሰሪው እንዳይጎተት። ደርሰሽ መጀመሪያ ስትለኩሺው ቀስ ብሎ ይሙቅ፣ ጨው በጨርቅ አርገሽ አሰሺው፣ ስንጥቅ ካየሽ ሳትጋግሪበት ለሚያውቅ ሰው አሳዪው።