ሳውዝ ካሮላይና ሕጉን «ሻረች» ወይስ «ጣሰች»?

አዲስ አንባቢ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። አንድ የአሜሪካ ታሪክ ትርጉም እያረምኩ ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ቆሜ ቀረሁ። እንዲህ ይላል፦ «የጃክሰን ሕዝበኛ ዴሞክራሲ የቀረጡን ሕግ የሻረችውን ሳውዝ ካሮላይናን አንበረከከ።» ሁለት ነገር ቸገረኝ። አንደኛ፣ «ሕዝበኛ» ሙገሳ ነው ስድብ? ሁለተኛ፣ አንዲት ግዛት የፌዴራሉን ሕግ እንዴት አድርጋ «ትሽራለች»? «ጣሰች» አይሻልም? ዘመኑ 1832 ነው፣ በፈረንጆቹ፤ ፕሬዝዳንቱ አንድሩ ጃክሰን ነው።

ሣልስ፦
«ጣሰች» በለውና ተገላገል። የሚሽረው የሾመው ነው። ኮንግረስ ያወጣውን ኮንግረስ ይሽር።

ቀለም ቀንድ፦
ቀስ በል ሣልስ። ሻረ በግእዝ ሠዐረ ነው፣ በንጉሡ ሠ። ሹም ይሻራል፤ ሰንበትም ይሻራል። ሰንበትን የሻረ ሰው እሑድን ከሳምንቱ ውስጥ አላወጣትም። እሱ አላከበራትም እንጂ እሷ እንዳለች አለች። ሹሙ ግን ሲሻር ሹመቱ የለም፣ አበቃ። ግዛቲቱ በሰንበቱ መንገድ «ሻረች» ቢባል ምንም ነውር የለውም። ይህን ቅኔ ቤት የዋለ ሁሉ ያውቀዋል።

ሣልስ፦
የኔታ፣ እኛ ቅኔ ቤት በደጁ ያለፍን ነን። ግን እንዳሉት ከሆነ ሻረና ጣሰ አንድ ሆኑ። ታዲያ ሁለት ቃል ለምን እንቀልባለን?

ጠበቃው፦
አንድ አይደሉም። ሕግ የሚጥስ ሰው ተደብቆ ነው የሚጥሰው። ኮንትሮባንዲስት ቀረጥ ሲያመልጥ ድንጋጌ አያወጣም። ሳውዝ ካሮላይና ግን ጉባኤ ጠራች። ኖቬምበር 24 ቀን 1832 በአደባባይ ደነገገች። የ1828 እና የ1832 የቀረጥ ሕጎች እኔ ጋ አይሠሩም፣ ከፌብሩዋሪ 1 ቀን 1833 ጀምሮ በመሬቴ ላይ አይሰበሰቡም አለች። ይሄ መጣስ አይደለም። «ሥልጣን አለኝ» ማለት ነው።

ደግሞ ሣልስ፣ «የሚሽረው የሾመው ነው» ያልከውን ከማን እንደወሰድከው ታውቃለህ? የሳውዝ ካሮላይናው የጆን ካልሁን ክርክር እኮ ነው! ሰውየው በ1828 ምክትል ፕሬዝዳንት ሆኖ ሳለ ስሙን ደብቆ የጻፈው ይህንኑ ነው። ማዕከላዊውን መንግሥት ያቋቋሙት ግዛቶቹ ናቸው፤ ሿሚዎቹ እነሱ ናቸው፤ ስለዚህ ከልኩ ሲያልፍ ሕጉን ይሽሩበታል።

ሣልስ፦
ኧረ በስመ አብ! እኔ የካልሁን ደቀ መዝሙር ልሁን? ሰውየው ለባርነት የተሟገተ ነው እኮ።

ዘቨርጂኒያ፦
አይዞህ ሣልስ፣ ጃክሰን መልሶለታል። ዲሴምበር 10 ቀን 1832 ባወጣው አዋጅ፣ ሕገ መንግሥቱ ያቆመው መንግሥት ነው፣ የግዛቶች ማኅበር አይደለም አለ። በኛ ቋንቋ «ይሄ ዕድር አይደለም፣ ደስ ሲልህ ገብተህ ሲከፋህ የምትወጣበት» እንደማለት ነው። በጦር መሣሪያ መገንጠል ደግሞ የአገር ክህደት ነው ብሎ ቁርጡን ነገራቸው። ስለዚህ ቃሉ ራሱ ወገን አለው። «ሻረች» ካልክ ከካልሁን ጋር ቆመሃል። «ጣሰች» ካልክ ከጃክሰን ጋር።

ቀለም ቀንድ፦
ቃል ወገን የለውም። ሥር ነው ያለው።

ወይዘሮ ሰዋስው፦
ስለ ሥር ከተነሣ፣ «ቁስሉ ሻረ» የሚለውን ምነው ረሳችሁት? «የሞት ሽረት» የምንለው ሽረትስ? ያው መዳን ነው። እኔ ሁሉም አንድ ግንድ ናቸው ባይ ነኝ። በሽታው ከሥልጣኑ ሲወርድ «ሻረ» ተባለ። በሽታን እንደ ሹም የሚያይ ሕዝብ ነን።

ሣልስ፦
እትዬ፣ ይቺ ቆንጆ ናት። እንግዲያው ሣርም ከዚያው ነው። ሣር በግእዝ ሣዕር አይደል? ሠ፣ ዐ፣ ረ። ታጭዶ ስለሚወርድ! የተሻረ ሹም ማለት የታጨደ ሹም።

ቀለም ቀንድ፦
ፍየል ወዲህ ቅዝምዝም ወዲያ። ፊደሉ የገጠመ ሁሉ ዘመድ ከሆነ ሥዕርትም አለችልህ፣ ጠጉር ማለት ናት። የተላጨ ሹም በል እንግዲህ። ወይዘሮ ሰዋስው ያሉት ግን የሚያስኬድ ነው።

ዘቨርጂኒያ፦
በወይዘሮ ሰዋስው አነጋገር ጃክሰን ራሱ ያልሻረ ሻሪ ነው። በ1806 ቻርልስ ዲከንሰን ከሚባል ሰው ጋር በሽጉጥ ተፋለመ። ዲከንሰን ቀድሞ ተኩሶ ደረቱን መታው። ጃክሰን ቆሞ አነጣጠረና ገደለው። ጥይቷ ግን ልቡ አጠገብ ስለነበረች ሳትወጣ ቀረች። ዋይት ሃውስ የገባው እሷን ይዞ ነው። ሹም ሲሽር ኖሮ ቁስሉ ሳይሽር ሞተ።

ቀለም ቀንድ፦
ይበል! ቅኔ ሊሆን ምንም አልቀረው። ቤት ብቻ አልመታም።

ዘቨርጂኒያ፦
ሹም ሽርን ካነሣን ደግሞ የሱን ያህል ስሙ የተነሣበት የለም። በዲሴምበር 1829 ለኮንግረስ በላከው መልእክት፣ የመንግሥት ሥራ ቀላል ነው፣ አእምሮ ያለው ሰው ሁሉ ይሠራዋል፣ አንድ ሰው ወንበር ላይ መክረም የለበትም አለ። የድሮዎቹን አንሥቶ የራሱን ሰዎች አስገባ። ሁሉንም ጠራርጎ አላባረረም፤ ወሬው ከሥራው ይበልጥ ነበር። የኒው ዮርኩ ሴናተር ዊልያም ማርሲ ግን በ1832 ምርኮው የድል አድራጊው ነው ብሎ ነገሩን አፍርጦ ተናገረው።

ሣልስ፦
«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ብሎ ቢያሳጥረው ምን ነበረበት?

ወይዘሮ ሰዋስው፦
ሽር ጉድም ከዚሁ ሻረ ሳይሆን አይቀርም። አዲስ ሹም ሲመጣ አሮጌው ይሻራል፣ ጉድ ይባላል፣ ድግስ ይደገሳል። ጃክሰን ቃለ መሐላ የፈጸመ ዕለት፣ ማርች 4 ቀን 1829፣ ሕዝቡ ዋይት ሃውስን አጥለቀለቀው። በጭቃ ጫማ የሐር ወንበር ላይ ቆሙበት። ብርጭቆው ተሰባበረ። ሰዉን ለማስወጣት መጠጡን በገንዳ ሜዳው ላይ አወጡለት። ፕሬዝዳንቱ ራሱ ሾልኮ ሆቴል ሄዶ አደረ። ሽር ጉድ ማለት ይሄ ነው።

ቀለም ቀንድ፦
እትዬ፣ አሁንስ አበዙት።

አዲስ አንባቢ፦
በጣም ተማርኩ፣ አመሰግናለሁ። «ሕዝበኛ»ስ?

ጠበቃው፦
እደርስበታለሁ፤ መጀመሪያ «ሻረ»ን እንጨርስ። ዘቨርጂኒያ ጃክሰንን የአንድነት ጠበቃ አደረግከው። በዚያው በ1832 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በቼሮኪዎች፣ ማለት ከአሜሪካ ነባር ሕዝቦች በአንዱ፣ ጉዳይ በጆርጂያ ግዛት ላይ ፈርዷል። የጆርጂያ ሕግ በቼሮኪዎች መሬት ላይ አይሠራም ብሏል። ጆርጂያ ፍርዱን ከምንም አልቆጠረችውም። ጃክሰንስ? አላስፈጸመም። ሳውዝ ካሮላይና ቀረጥ ስትሽር ጦር ልላክ አለ፤ ጆርጂያ ፍርድ ስትሽር ዝም። ቼሮኪዎቹ እሱ በ1830 በፈረመው ሕግ መሠረት በ1838 በወታደር ተነዱ። በብዙዎች ግምት ወደ 4000 ሰው አለቀ። መሬቱን ማን ወሰደው? እሱን የመረጠው ያ «ሕዝብ»።

ወደ «ሕዝበኛ» ልምጣ፤ ያኔ ሕዝብ ሲባል ነጭ ወንድ ነው። ኒው ዮርክ በ1821 ነጮች ያለ ንብረት እንዲመርጡ ስትፈቅድ፣ ጥቁሮች ላይ ግን የ250 ዶላር ንብረት መስፈርት አጸናችባቸው።

ዘቨርጂኒያ፦
የጆርጂያውን አልክድም። የሳውዝ ካሮላይናውም እኮ ስለ ቀረጥ ብቻ አልነበረም። ጥጥ ለእንግሊዝ ይሸጣሉ፣ የፋብሪካ ዕቃ በውድ ይገዛሉ፤ ቀረጡ የሰሜኑን ፋብሪካ ሲያደልብ እነሱን ይቆነጥጣል። ይሄ እውነት ነው። ግን ከግዛቲቱ ነዋሪ ከግማሽ በላይ ባሪያ ነበር። ዋሽንግተን ዛሬ ቀረጥ ላይ ካዘዘችብን ነገ ባሮቻችን ላይ ታዝዛለች ብለው ፈሩ። ካልሁን ራሱ በ1830 በጻፈው ደብዳቤ ቀረጡ ሰበብ እንጂ ዋናው ምክንያት አይደለም ብሏል።

ሣልስ፦
ሰበብ ግን ከምን መጣ?

ቀለም ቀንድ፦
አትጀምር።

ጠበቃው፦
አዲስ አንባቢ፣ ከሁሉ የባሰው ቃልህ «አንበረከከ» ነው። ማንም አልተንበረከከም። ሴናተር ሄንሪ ክሌይ ማስታረቂያ አመጣ። ቀረጡ ቀስ በቀስ እየወረደ በ1842 ወደ 20 በመቶ እንዲደርስ ተስማሙ። በዚያው ሰሞን፣ ማርች 1833፣ ፕሬዝዳንቱ ቀረጡን በጦር ማስከበር የሚያስችለው ሕግም ወጣ። አንዱ እጅ ካሮት፣ አንዱ እጅ አለንጋ። ሳውዝ ካሮላይና ጉባኤዋን መልሳ ሰበሰበችና የሻረችበትን ድንጋጌ ሻረች። ከሦስት ቀን በኋላ ደግሞ የጦሩን ሕግ ሻረች።

ሣልስ፦
ምን? ሽረቷን ከሻረች በኋላ ሌላ ሻረች?

ጠበቃው፦
አዎ። ቀረጡን ለመክፈል ከተስማማች በኋላ፣ ማንም የማይጠቀምበትን የጦር ሕግ።

ቀለም ቀንድ፦
ይሄ ግሩም ነው። የመጀመሪያው ሻረ እንደ ሰንበት ነው። ሁለተኛው እንደ ሹም፤ የራሷን ድንጋጌ ነውና በትክክል ሽራዋለች። ሦስተኛውን ግን «ሻረች» አትበለው። «ፎከረች» በለው።

ሣልስ፦
አይሆንም። ፉከራ ወይ ከጦርነት በፊት ነው ወይ ከድል በኋላ። እዚህ ጦርነት የለም።

ዘቨርጂኒያ፦
በፊት ነው እንጂ። በዲሴምበር 1860 ከኅብረቱ ቀድማ የወጣችው ይህችው ሳውዝ ካሮላይና ናት። የእርስ በርስ ጦርነቱ የመጀመሪያው መድፍ በኤፕሪል 1861 የተተኮሰው ቻርለስተን ወደብ ላይ ነው።

ወይዘሮ ሰዋስው፦
«ፎከረ» የግእዝ ነው የኦሮምኛ? እኔ አንድ ሐሳብ አለኝ።