የካይኔዝ ዶሜይን ሁሉም ጋ ተመሳሳይ ከሆነ መድኃኒት እንዴት ይለያቸዋል?

ባዮኬም_ተማሪ፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ እስቲ እህታችሁን አስረዱኝ። ሰው ውስጥ ከ500 በላይ ፕሮቲን ካይኔዝ (ሌላ ፕሮቲን ላይ ፎስፌት የሚለጥፍ ኢንዛይም) አለ፣ ሁሉም ኤቲፒ (ፎስፌቱን የሚሰጠው ሞለኪውል) ነው የሚጠቀሙት፣ የዶሜይኑም (ሥራውን የሚሠራው የኢንዛይሙ ክፍል) ቅርጽ ያው ነው። ታዲያ የደም ካንሰር መድኃኒቱ ኢማቲኒብ ኤቢኤል የሚባለውን ካይኔዝ ይዞ ሌላውን የሚተወው እንዴት ነው? ደሞ ይቺ ዲኤፍጂ የሚሏት ምንድናት፣ የትም ብከፍት እሷ ናት

ፎስፌት፦
እህቴ መጀመሪያ ፒኬኤን (ፕሮቲን ካይኔዝ ኤ) እዪው፣ በ1991 ቅርጹ ቀድሞ የታወቀው ካይኔዝ እሱ ነው፣ ቁጥሮቹንም ከሱ ነው የምነግርሽ። ዶሜይኑ ከ250 እስከ 300 አሚኖ አሲድ ቢሆን ነው፣ ትንሹ የላይኛው ሎብ (ግማሹ) በአብዛኛው ቤታ ሺት (ጠፍጣፋ እጥፋት)፣ ትልቁ የታችኛው አልፋ ሄሊክስ (ጥምዝምዝ)፣ ኤቲፒ መሀል ያለው ስንጥቅ ውስጥ ይገባል። ላይሲን 72 (72ኛው አሚኖ አሲድ) የኤቲፒውን አልፋና ቤታ ፎስፌት ይይዛል፣ እሱን ራሱን ደግሞ ሲ ሄሊክስ የሚባለው ጥምዝምዝ ላይ ያለው ግሉታሜት 91 ደግፎ ቦታው ላይ ያቆየዋል፣ ሄሊክሱ ዞር ካለ ይሄ ትስስር ይላቀቅና ኢንዛይሙ ሥራ ያቆማል። ዲኤፍጂ አስፓርቴት፣ ፌኒልአላኒን፣ ግላይሲን ተከታትለው ማለት ነው፣ አስፓርቴቱ (184) ማግኒዚየም ይይዛል፣ ማግኒዚየሙ ደሞ የኤቲፒን ፎስፌቶች አስተካክሎ ያስቀምጣል። የመድኃኒቱን ነገር ሌላ ሰው ይመልስልሽ

ኪስ_ፈላጊ፦
ዋናው ነገር እነዚህ ኢንዛይሞች የሚመሳሰሉት ሲሠሩ ነው። ፎስፌት ለማስተላለፍ ሁሉም አንድ ዓይነት አቀማመጥ መያዝ አለባቸው፣ ኬሚስትሪው ሌላ ምርጫ አይሰጥም፣ ሥራ ሲያቆሙ ግን ግዴታው የለም ስለዚህ እያንዳንዱ በራሱ መንገድ ይታጠፋል። ኤቢኤል ሲያርፍ ዲኤፍጂው ይገለበጣል፣ ፌኒልአላኒኑ ከቦታው ሲነሳ ጀርባው ላይ ሌላ ኪስ ይከፈታል፣ ኢማቲኒብ እዛ ነው የሚገባው። ብቻውን ኤቢኤልን ነው የሚይዘው ግን አይባልም፣ ኪትንና ፒዲጂኤፍአር የሚባሉትን ካይኔዞችም ይይዛል፣ ለዚህ ነው ጂስት ለሚባለው የጨጓራና አንጀት ዕጢም የሚታዘዘው

ባዮኬም_ተማሪ፦
ኡፍ አሁን ገባኝ እግዜር ይስጥልኝ! ኤቢኤል ላይ የሚመጣው ቲ315አይ የሚባለው ሚውቴሽንስ ታዲያ ዲኤፍጂውን ነው የሚነካው?

ኪስ_ፈላጊ፦
አይደለም፣ እሱ ጌትኪፐር የሚባለው ቦታ ነው፣ የኪሱ መግቢያ ላይ። ትሪዮኒኑ ከኢማቲኒብ ጋር ሃይድሮጅን ቦንድ ነበረው፣ በአይሶሉሲን ሲተካ ቦንዱም ይጠፋል ቦታውም ይጠባል። ኤቲፒ ግን ያን ትሪዮኒን ስለማይፈልገው ኢንዛይሙ ሥራውን ይቀጥላል፣ ለታካሚው ክፉው ነገር ይሄ ነው። ፖናቲኒብ የሚባለው መድኃኒት የተሠራው ለዚህ ነው፣ መሀሉ ላይ ያለው የካርበን ትሪፕል ቦንድ ቀጥና ቀጭን ስለሆነ አይሶሉሲኑን ሳይጋጭ ያልፋል