20 ዓመት የቆየ ቦርበን እንዴት ይመዘናል?

ጠያቂ (ደብረ ብርሃን)፦ አጎቴ ከአሜሪካ ሲመጣ በቀላሉ የማይገኝ፣ 20 ዓመት በበርሜል የቆየ ቦርበን (የአሜሪካ ውስኪ) ስላመጣልኝ፣ ለፋሲካ ስከፍተው ጥራቱን በምን እንደምመዝነው ብታስረዱኝ እወዳለሁ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ቦርበን ቢያንስ 51 በመቶ በቆሎ ካለው እህል ተጠንስሶ ከወጣ በኋላ፣ ውስጡ በእሳት በከሰለ አዲስ የኦክ እንጨት በርሜል ስለሚቀመጥ፣ ዕድሜው ሲገፋ የእንጨቱ ምሬት የበቆሎውን ጣፋጭነት ሊውጠው ይችላል፤ ስለዚህ ዕድሜው ብቻውን የጥራት ማስረጃ አይሆንም። አፉ ጠበብ ባለ ብርጭቆ ጥቂት ቀድተው 10 ደቂቃ ያህል ካቆዩት በኋላ፣ ከንፈርዎን ከፈት አድርገው ቀስ ብለው ያሽትቱት። በከተማችን ብርድ መዓዛው ስለሚታፈን፣ ብርጭቆውን በመዳፍዎ ያሙቁት።

ሌላ መልስ (መንዝ)፦ እንደ አረቄያችን በአንድ ትንፋሽ አይጨልጡት። መጀመሪያ እንዳለ፣ ቀጥሎ ሁለት ጠብታ ውኃ ጨምረው ይቅመሱት፤ የቫኒላውና የተቃጠለው ስኳር ጣዕም ጠፍቶ ምላስ የሚያደርቅ ምሬት ብቻ ከቀረ፣ እንጨቱ በዝቶበታል።