ለዩሮራክ የመጀመሪያ ሞጁል ምን ልስራ?

ጠያቂ፦ ሰላም ጓዶች፣ ብየዳ ትንሽ እችላለሁ፣ ለዩሮራክ ሞጁላር ሲንተሳይዘሬ (ከተለያዩ ሞጁሎች ተገጣጥሞ ድምፅ ለሚፈጥረው የሙዚቃ መሳሪያዬ) አንድ ቀላል ነገር በእጄ ብሰራ ደስ ይለኛል፣ ከምን ልጀምር?

መልስ፦ አቴንዌተር (የሲግናል መጠን መቀነሻ) ስራ ወንድሜ፣ ፓወር እንኳን አይፈልግም፣ አንድ 100 ኪሎ ኦም ፖቴንሽዮሜትር (ፖት፣ በማዞር የሚስተካከል ሬዚስተር) እና ሁለት 3.5 ሚሊሜትር ሞኖ ጃክ (የኬብል መሰኪያ) ይበቃሃል። የፖቱ ዘንግ ወዳንተ ዞሮ እግሮቹ ወደታች ሲሆኑ የቀኙን ከመግቢያው ጃክ ጫፍ፣ የመሀሉን ከመውጫው፣ የግራውን ከሁለቱም ጃኮች ግራውንድ ጋር ትበይዳለህ። ኤልኤፍኦው (ቀስ ብሎ የሚወዛወዝ ቮልቴጅ የሚሰጠው ሞጁል) ፊልተሩን (ድምፁን የሚያጣራውን ሞጁል) ከልክ በላይ ሲያናውጥብህ ቀነስ ታደርገዋለህ፣ በጣም ነው የሚጠቅመው!

ሌላ መልስ፦ እኔም እሱን እላለሁ፣ የፊት ሰሌዳው ቁመት 128.5 ሚሊሜትር ይሁን። ብቻ የኖታውን ቮልቴጅ (የድምፁን ቅጥነትና ውፍረት የሚወስነውን) በሱ እንዳታሳልፍ፣ ቅኝቱ ይበላሻል።

ጠያቂ፦ ተባረኩ! ፖቱ ሊኒየር (ሲዞር እኩል በእኩል የሚለወጥ) ነው ወይስ ሎግ (ሎጋሪዝማዊ)?

መልስ፦ ሊኒየር።