የጡረታ ሥልጠና ለመስጠት ዕውቅና የሚሰጠኝ ማን ነው? (ጅማ)

ጥያቄ፤ የሔርማታዋ

ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ ነው የምኖረው። ለዓመታት በሒሳብ ሙያ ሠርቼ አሁን ከአንዲት ጓደኛዬ ጋር አነስተኛ የሥልጠናና የማማከር ድርጅት ከፍተናል። ስለ ጡረታ ማሠልጠን እንፈልጋለን። ነገሩ ለእኔ የቤት ጉዳይ ነው። አባቴ መምህር ነበር። ጡረታ ከወጣ በኋላ የመጀመሪያውን ብር ለማግኘት ስምንት ወር ጠበቀ። ሲቀጠር የሞላው ፎርም ላይ ያለው የትውልድ ዘመንና በኋላ የሞላው አልገጠሙም። ፋይሉን ሠላሳ ዓመት ሲያገላብጡ የኖሩት የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኞች አንድ ቀን እንኳ አላዩትም።

ዳላስ ያለ የአጎቴ ልጅ፣ እዚያ የመንግሥት ጡረታ ፈንድ የሚመሩ ባለአደራዎች በሕግ እንደሚሠለጥኑ፣ አሠልጣኙም ዕውቅና እንደሚያስፈልገው ነገረኝ። እኛስ ጋ እንዴት ነው? የትኛው ቢሮ ልሂድ? ማንንስ ላሠልጥን?

መልስ፤ የጅሬኑ ጡረተኛ

እህቴ፣ አባትሽ ላይ የደረሰው ብዙ ሰው ላይ ደርሷል። እኔ በሰው ሀብት ክፍል ነው ጡረታ የወጣሁት፤ የማውቀውን ልንገርሽ።

እኛ ጋ እንደ አሜሪካ በየከተማው የራሱ ፈንድና የራሱ ባለአደራ የለም። ገንዘቡ በፌዴራል ደረጃ በሁለት ተቋማት ነው የሚተዳደረው። አንዱ የመንግሥት ሠራተኞች፣ ሌላው የግል ድርጅት ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደር ነው። አዋጆቹ 1267/2014 እና 1268/2014 ናቸው። ስለዚህ ጅማ ላይ ባለአደራ ብትፈልጊ አታገኚም። ግን አደራው በእጃቸው ያለ ሰዎች አሉ። እነሱም የሰው ሀብት ባለሙያው፣ የማኅደር ሠራተኛዋና ደመወዝ ሠሪው ናቸው። ሥልጠናሽ ለእነሱ ይሁን።

መጀመሪያ ሁለቱንም አዋጆች ከዳር እስከ ዳር አንብቢ። ከዚያ የሥልጠናሽን ዝርዝር ይዘሽ ወደ አስተዳደሩ ቅርንጫፍ ሂጂ። ጥያቄሽን በደብዳቤ አስገቢ፤ በቃል የተባለ ነገር ነገ የለም። አንድ ባለሙያ መድበው ይዘቱን እንዲያዩልሽ፣ ከተቻለም አብሯችሁ እንዲያሠለጥን ጠይቂ። ስለ ጡረታ የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው ያ ተቋም ነው። እሱ ያላየው ሥልጠና ሰው ያሳስታል።

መልስ፤ ዳላስ ያለሁ የጅማ ልጅ

የአጎትሽ ልጅ ልክ ነው፤ ትንሽ ላብራራ። ቴክሳስ ውስጥ ፔንሽን ሪቪው ቦርድ የሚባል የግዛቱ መሥሪያ ቤት አለ። የመንግሥት ጡረታ ፈንድ ባለአደራ የሆነ ሰው በመጀመሪያው ዓመት 7 ሰዓት መሠረታዊ ሥልጠና ይወስዳል። ከዚያ በየሁለት ዓመቱ 4 ሰዓት ይቀጥላል። የፈንዱ ሥራ አስኪያጅም እንዲሁ። የመሠረታዊው ይዘት የባለአደራ ግዴታ፣ አመራር፣ ሥነ ምግባር፣ ኢንቨስትመንት፣ የአክቹዋሪ ስሌት (ፈንዱ ወደፊት የሚከፍለውን ጡረታ የሚገምት ስሌት)፣ የጥቅማ ጥቅም አስተዳደርና የስጋት አያያዝ ነው። አሠልጣኝ መሆን የሚፈልግ ለቦርዱ ያመለክታል።

ከዚህ የምትወስጂው ጥሩ ነገር አለ። የሥልጠናሽ እያንዳንዱ ሰዓት ምን እንደሚያስተምር በወረቀት ይቀመጥ። «ስለ ጡረታ ግንዛቤ ማስጨበጥ» ብቻ ብለሽ አትሂጂ። ማን ያስተምራል? በስንት ሰዓት? ሠልጣኙ ሲወጣ ምን መሥራት ይችላል? ማንም ባያስገድድሽም ይህን ጻፊው።

መልስ፤ ግዥ ክፍል

ሰላም። የወረቀቱን ጉዳይ እኔ ልጨምር። ንግድ ፈቃዳችሁ ላይ ያለው የሥራ መስክ ሥልጠናን ይሸፍናል ወይ? ማማከር ብቻ ከሆነ የከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ አረጋግጡ። ከዚያ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ የታደሰ ፈቃድና ሕጋዊ ደረሰኝ ያስፈልጋችኋል። ለፌዴራል ተቋም መሥራት ከፈለጋችሁ፣ ለምሳሌ ለጅማ ዩኒቨርሲቲ፣ በኤሌክትሮኒክ ግዥ ሥርዓቱ ላይ በአቅራቢነት ተመዝገቡ።

ሌላው የጊዜ ነገር ነው። በጀት በሐምሌ ነው የሚጀምረው። ግንቦት ላይ ፕሮፖዛል ይዞ የሚመጣ ሰው «ለዓመቱ እናያለን» ተብሎ ይሸኛል። ዕቅድ ሲዘጋጅ ቀድማችሁ ግቡ። የሠልጣኝ አበል ማን እንደሚከፍልም ከመጀመሪያው በግልጽ ተነጋገሩ። ብዙ ሥልጠና የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነው።

የሔርማታዋ

በጣም አመሰግናለሁ፤ እግዜር ይስጥልኝ። አሁን ነገሩ ተገለጠልኝ። ጋሼ፣ አንድ ቀን ብቻ ቢሰጠኝ በየትኛው ልጀምር?

የጅሬኑ ጡረተኛ

በፋይል ጀምሪ፣ ልጄ። ስላይድ ከማብራትሽ በፊት ለእያንዳንዱ ሰው አንድ የቆየ ማኅደር ግልባጭ ስጪው፤ ስሙን ሸፍነሽ። እኔ አንድ የማልረሳው ፋይል አለ። የቅጥር ደብዳቤው «ከፋ ክፍለ ሀገር» ብሎ በአማርኛ የተተየበ ነው። ጥግ ጥጉን ቢጫ ሆኗል። የቅርቡ የደረጃ ዕድገት ደብዳቤ ደግሞ በአፋን ኦሮሞ በቁቤ ነው። በአንዱ ሰውየው «አብዱ» ነው፣ በሌላው «አብዶ»፤ የአያት ስምም ተጨምሯል። አንድ ሰው መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ወረቀቱ ግን ሁለት ሰው ይላል። ይህን በሃምሳ ዓመቱ ካገኙለት በአንድ ደብዳቤ ያልቃል። በስልሳ ዓመቱ ካገኙት ግን ሰውየው በየቢሮው ደጅ ሲጠና ይከርማል። ስለዚህ ሥልጠናውም በሁለቱም ቋንቋ ይሁን።

ቀጥሎ ስሌቱን በእጃቸው ይሥሩት። መዋጮው ሠራተኛው 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ ነው። የጡረታ ዕድሜ 60 ነው። አበሉ በመጨረሻው ሦስት ዓመት አማካይ ደመወዝ ይሰላል። 10 ዓመት ያገለገለ 30 በመቶ ያገኛል፤ ከዚያ በላይ ለሲቪል ሠራተኛ በየዓመቱ 1.25 በመቶ ይጨመራል፤ ጣሪያው 70 በመቶ ነው። እንበል 35 ዓመት ያገለገለ፣ አማካይ ደመወዙ 12,000 ብር የሆነ ሰው። 30 ሲደመር 25 ጊዜ 1.25፣ 61.25 በመቶ ይመጣል። ስለዚህ በወር 7,350 ብር። ይህን አንዴ በእርሳስ የሠራ ሰው የአንድ ዓመት አገልግሎት ከፋይል መጥፋቱ ምን እንደሚያስከፍል ይገባዋል። 10 ዓመት ያልሞላው ዳረጎት (አንዴ የሚከፈል ገንዘብ) እንጂ ወርኃዊ አበል እንደማያገኝም ንገሪያቸው።

ግዥ ክፍል

ጋሼ ያሉትን የፋይል ልምምድ ፕሮፖዛሉ ላይ አስገቢው። እኔ ብሆን እሱን አይቼ ነው የምመርጣችሁ።

የሔርማታዋ

እሺ። ሰኞ ጠዋት ደብዳቤውን ይዤ ቅርንጫፉ ጋ እሄዳለሁ። አባቴም የራሱን ፋይል ግልባጭ ለልምምድ ፈቅዶልኛል። የተባልኩትን እዚሁ መጥቼ እነግራችኋለሁ።